ስም የማይሰረዝበት መዝገብ

ባለቤቴ ኪሩቤል ታምሩ በፕላን ጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ ቤታችን እንዲፈርስ ሲመሰክር፣ ከሞተ ስድስት ዓመት ከአራት ወር ሆኖት ነበር። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ሰማሁት። ድምፁ የራሱ ነው። ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን የሚጠርጋት ነገር እንኳ አልቀረችም።

ለምስክርነት የጠራሁትም እኔው ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ።

ሜላት እባላለሁ። በልጅነቴ የቆንጆ ስም ነበር። አሁን «እትዬ ሜላት» ሲባል የሚሰማ ሰው ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት ይጠብቃል፤ አይሳሳትምም። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በከተማ አውቶብስ ስምሪት ክፍል ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ የወፍጮ ሰፈር ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ስም መጻፍ፣ ስም መጥራት፣ የቀረ ሰው ላይ ምልክት ማድረግ ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ሥራ ነው። ስለዚህ «ሳታውቅ ነው» እያሉ የሚያጽናኑኝን ሰዎች ብዙም አልወዳቸውም።

ማስታወቂያው የመጣው በ2066 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ፣ ሰኞ ጠዋት ነው። ጥርሴን እየፋቅሁ ሳለ ጆሮዋ አነበበችልኝ። ጆሮ የምንላት በየቤቱ ኮርኒስ ላይ የተገጠመችውን ነገር ነው። ሕጋዊ ስሟ ረጅም ስለሆነ ማንም አይጠራትም። የተገጠመችው እሳት ሲነሣ፣ ሰው ሲወድቅ፣ ሌባ ሲገባ ሰምታ እርዳታ እንድትጠራ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ሆናት። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሁሉ በገዛ ሳሎኑ በሹክሹክታ ያወራ ነበር። ሁለተኛው ክረምት ሳይገባ ረሳናት።

ማስታወቂያው አጭር ነው። ወፍጮ ሰፈር በሚገኝበት ቦታ ላይ ባለ ስልሳ ሁለት ፎቅ አፓርታማ ይሠራል። ሰማንያ ስድስቱም ቤቶች ይፈርሳሉ። ነዋሪዎች ግንባታው እስኪያልቅ ከከተማው ዳርቻ ይሰፍራሉ፤ ሲያልቅ ዕጣ ውስጥ ይገባሉ። ግንባታው ሰባት ዓመት ይፈጃል። እኔ ሰባት ዓመት ከየት አመጣለሁ? የዕድራችን ዳኛ ጋሼ ናሆም ደግሞ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።

ተቃውሞ የሚቀርብበት መንገድ አለ። ሁለት መቶ ሃምሳ ነዋሪ በስሙ ከተቃወመ ጉባኤ ይጠራል፤ የተቃወመው ሁሉ አንድ በአንድ ይሰማል፤ ከተሰሙት ከግማሽ በላይ የሆኑት በተቃውሟቸው ከጸኑ ዕቅዱ ወደ መጣበት ይመለሳል። ከሁለት መቶ ሃምሳው አንድ ሰው ቢጎድል ግን የሚሰማ የለም።

እኛ በሰፈሩ የቀረነው መቶ አሥራ ሦስት ነበርን። ልጆቻችን ፎቅ ላይ ናቸው። በበዓል ቀን ይመጣሉ፣ ስለ ጭቃው ያማርራሉ፣ ይሄዳሉ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ዕድሩ ተሰበሰበ። ጋሼ ናሆም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጠየቁኝ።

«ሜላት፣ መዝገቡ ላይ ስንት ስም አለ?»

«ሁለት መቶ ስድሳ።»

«እንግዲያው ምን ያስጨንቀናል?»

ሁሉም ያውቀዋል። በእኛ ዕድር ስም አይሰረዝም። ደንቡን ማን እንዳወጣው የሚያስታውስ የለም፤ ግን የሞተ ሰው ስም ላይ መስመር ለማስመር የደፈረ ጸሐፊ እስከዛሬ አልተገኘም። ሰው ሲሞት እንቀብራለን፣ ሦስት ቀን ድንኳን እንቀመጣለን፣ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ስሙ ሲጠራ ከቤተሰቡ አንዱ «አለ» ይላል። ቤተሰብ የሌለው ከሆነ ጎረቤቱ ይልለታል። መዝገቡ የተከፈተው ጆሮዎቹ በተገጠሙበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ መቶ አርባ ሰባት ሰው ቀብረናል፤ መቶ አርባ ሰባቱም በየወሩ ይገኛሉ።

«በሕይወት ሳሉ ረድተውናል» አሉ ጋሼ ናሆም፤ «አሁንም ይርዱን እንጂ።»

አንዳንዱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በማግስቱ መዝገቡን እንዳለ የተቃዋሚ ዝርዝር አድርጌ ለፕላን ጽሕፈት ቤቱ ላክሁት። ያጭበረበርን አልመሰለንም። እውነቱን ለመናገር ሙታኑ ከእኛ ጋር እንደሚቆሙ ማንም አልተጠራጠረም፤ ሰፈሩን የሠሩት እነሱ ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ድምፅ መናገር አለብኝ። ሰው ሲሞት ጆሮዋ የሰማችለት ቃል ሁሉ ለቤተሰቡ ይቀራል፤ ድምፁም ቤት ውስጥ እንዳለ ይቆያል። ሲጠይቁት ይመልሳል፣ ሰዓት ያስታውሳል፣ ሰላም ይላል። ለቅሶ ደራሽ ሟቹን ሰላም ብሎ መግባት ከጀመረ ቆይቷል። እኔ ከገበያ ስመለስ ኪሩቤል «መጣሽ ሜሉ? በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባል» ይለኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ በሩን የዘጋሁት ለእሱ ብዬ ነው። ኪሩቤል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ማወቅ ሌላ ነው፣ ከገበያ ወደ ባዶ ቤት መግባት ሌላ።

ጉባኤው የተጠራው ሰኔ ሁለት ነው። ሰብሳቢዋ ወይዘሪት አሰገደች ትባላለች፤ ሃያ ሰባት ቢሞላት ነው። የዘንድሮ ወጣቶች ስም ሁሉ የቅድመ አያቶቻችን ስም ነው፤ ፋሽኑ ዞሮ መጥቷል። ትሑት ልጅ ናት። ለእያንዳንዳችን ውሃ አስቀምጣለች፣ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ትራስ ያለው ወንበር አስመጥታለች።

ጠዋት ሕያዋኑ ተናገርን። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ደቂቃ ነው የተሰጠው። ሶልያና፣ በሰፈሩ መግቢያ ፀጉር ቤት ያላት ጎረቤቴ፣ ደንበኞቿ ከዳርቻ ድረስ እንደማይከተሏት ተናገረች። ጋሼ ናሆም ተነሥተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ከስልሳኛ ፎቅ ሬሳ በምን ይወርዳል?»

«በሊፍት፣ አባት» አለች ሰብሳቢዋ።

«ተኝቶ ነው ቆሞ?»

ወረቀቷን አገላበጠች። ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈ ነገር አላገኘችም። ጋሼ ናሆም ተቀመጡ፣ እኛም ጥሩ የተናገርን መስሎን እርስ በርስ ተያየን። መቶ አሥራ ሦስታችንም ተቃወምን። ለምሳ ስንወጣ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከምሳ በኋላ ወይዘሪት አሰገደች «አሁን በአካል ያልተገኙትን እንሰማለን» አለች።

ከኮርኒሱ የመጀመሪያው ድምፅ መጣ። የሶልያና አባት የአቶ ዳግማዊ ድምፅ ነው፤ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት አልፏቸዋል።

«ይሄ የጋራ ሽንት ቤት እስካለ ድረስ እኔ ራሴን ሰው አልለውም። ሰፈሩን በሙሉ ጠራርገው ቢወስዱት ይሻል ነበር።»

ከፊት ያለው ሰሌዳ ላይ ስማቸው በራ፤ ከሥሩ «ድጋፍ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ሶልያና ቦርሳዋ ከጭኗ ወድቆ ዕቃዋ ሁሉ ተበተነ። አላነሣችውም። «አባዬ» አለች፣ ወደ ኮርኒሱ አንጋጣ፣ ሃምሳ ዓመት የሞላት ሴት።

ሁለተኛው መጣ። ስለ ጭቃው ነው። ሦስተኛው ስለ አይጥ። አራተኛዋ ከጎረቤት ግቢ ስለሚመጣ ጩኸት። ለካ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ስናማርር ኖረናል። ሰው ቤቱን የወደደ ቀን ምን ይላል? ምንም አይልም፤ ቁጭ ብሎ እግሩን ይዘረጋል። ውሃ የጠፋ ቀን ግን ይናገራል። ጆሮዋ የሰማችው ያንን ነው። አንድ በአንድ የምንወዳቸው ሰዎች ከላይ እየመጡ ሰፈራችን እንዲፈርስ ለመኑ። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ተነሥተው ይቆሙ ነበር፤ ኋላ ላይ መነሣቱን ተዉት። አንዳንዱ ጆሮውን ይዟል።

ስልሳ ስምንተኛው ኪሩቤል ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይሄን ቤት አፍርሶ የሚገላግለኝ ሰው ባገኝ እግሩን እስማለሁ። ይፍረስ። ይፍረስና ይለይለት።»

ቃሉን አውቀዋለሁ። በየክረምቱ ጠብታ አልጋችን ላይ ባረፈ ቁጥር የሚለው ነው፤ ሌሊት ልብሱን ሳይቀይር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ። ሰሌዳው ላይ «አርባ አንድ ጊዜ ተናግሯል» የሚል ተጻፈ። ሰፈርተኛው ዞሮ አየኝ። ያፈርኩትን ማፈር መናገር አልችልም። ቤቱን የሸጥኩት እኔ የሆንኩ ያህል ተሰማኝ።

ተነሣሁ።

«የኔ ልጅ፣ ባለቤቴ እኮ ከሄደ ስድስት ዓመት አልፎታል።»

«አውቃለሁ ወይዘሮ ሜላት። ነፍስ ይማር።»

«ታዲያ የሌለ ሰው እንዴት ይመሰክራል?»

«ስማቸውን የላካችሁልን እናንተ ናችሁ። እኛ መኖራቸውን አጣራን እንጂ አልጨመርንም።»

የዕድሩ አዳራሽም ጆሮ እንዳለው ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ሰብሳቢዋ ጣቷን አንቀሳቀሰች። የገዛ ድምፄ በአዳራሹ ሞላ፤ የስም ጥሪ ድምፄ፣ በአውቶብስ ስምሪት የለመድኩት ደረቅ ድምፅ።

«ኪሩቤል ታምሩ?»

ከዚያም እኔው ራሴ፣ ዝቅ ብዬ፦ «አለ።»

ጠሪዋ እኔ፣ መላሿ እኔ። ሰባ ስድስት ወር። ሰብሳቢዋ ሦስቱን አሰምታ ተወችው። ሁሉንም ብታሰማ ኖሮ ከአዳራሹ የምወጣ አይመስለኝም።

ቀኑ ሊመሽ ሲል ቆጠራው አለቀ። ከሙታኑ ስምንቱ ብቻ ከእኛ ጋር ቆሙ። መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ድጋፍ፣ መቶ ሃያ አንድ ተቃውሞ።

«ጸሐፊዋ ነገ ጠዋት ስም መሰረዝ ይችላሉ» አለች ወይዘሪት አሰገደች። «የተሰረዘ ሰው ቃሉ ከቃለ ጉባኤው ይወጣል።»

«እሰየው» አሉ ጋሼ ናሆም።

«ግን ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ሟች ከመዝገብ ሲሰረዝ ድምፁም ከቤት ይነሣል። የትም ያልተመዘገበ ሰው ድምፅ አይቀመጥም፤ ሕጉ ነው። ሁለተኛ፣ ሟቾቹን ሁሉ ከሰረዛችሁ መቶ አሥራ ሦስት ትቀራላችሁ። ከሁለት መቶ ሃምሳ በታች ናችሁ። ተቃውሞው እንዳልቀረበ ይቆጠራል። አሥሩን ብቻ ብትሰርዙ ደግሞ ድጋፉ ያው ይበልጣል።»

«በሁለቱም መንገድ ይፈርሳል በይና።»

«አዎ አባት። የሚለየው በቃለ ጉባኤው የሚጻፈው ነው። ካልሰረዛችሁ 'ነዋሪው በአብላጫ ደግፏል' ይላል።»

ክፉ ልጅ አልነበረችም። ፊታችንን አይታ ልታጽናናን ፈለገች መሰለኝ፣ «ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ እንዲህ አትደክሙም» አለች፤ «በሕይወት ያለው ሰውም በአካል መምጣት አያስፈልገውም።»

ቤቴ ስገባ አሥራ ሁለት ሰዓት አልሞላም፤ ደጁ ገና ብርሃን ነበር።

«መጣሽ ሜሉ? በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባል።»

በሩን ሳልዘጋ ቆምኩ። ስድስት ዓመት ያላደረግኩትን ነው ያደረግኩት።

«ዛሬ ምን ብለህ ነው የመሰከርከው?»

«ስለ ቤቱ ነዋ። ጣራው ያፈሳል። ይፍረስና ይለይለት።»

«አሁን ዝናብ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ለምን ትላለህ?»

«የምለው እሱን ነው ሜሉ።»

ቁጭ አልኩ። ሰው ሞቶም ያናድዳል ለካ። ለመጨቃጨቅ አፌን ስከፍት አንድ ነገር ትዝ አለኝና ዘጋሁት። «ይፍረስ» ካለ በኋላ ምን ይሆን ነበር? ዝናቡ ጋብ ሲል ኪሩቤል መሰላሉን ከግድግዳው ያነሣል። የቆርቆሮ ሚስማሮቹን ከጣሳው ዘግኖ በከንፈሩ ይይዛል፤ ስድስት ሰባቱን አንድ ላይ፣ ራሳቸው ወደ ውጭ። መዶሻውን ቀበቶው ላይ ይሰካል። ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ሊፍት ሲጠግን የዋለ ሰው ነው፤ እሱ የሚጠግናቸው ሕንፃዎች ላይ እሱ አይኖርም። ጣራ ላይ ሆኖ ቃል አይናገርም፣ በምን አፉ ይናገራል? እኔ ከታች መሰላሉን እይዛለሁ። እኔም አልናገርም፤ ከተናገርኩ ይሰማኝና አፉን ይከፍታል፣ ሚስማር ይውጣል ብዬ እፈራ ነበር። አርባ አንድ ጊዜ ይፍረስ ብሏል። አርባ አንድ ጊዜ ወጥቷል።

«ኪሩቤል፣ ይፍረስ ካልክ በኋላ ወዴት ትሄዳለህ?»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ከዚያ በኋላ የተናገርኩት የለም።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ጉባኤው ሳይጀመር፣ ደጁ ላይ ጭቅጭቅ ነበር። ግማሹ እንሰርዝ ይላል፤ ግማሹ ቤቱ ላይቀርልን ድምፃቸውን ደግሞ ለምን እናጣለን ይላል። ሶልያና ክንዴን ያዘችኝ። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«እትዬ ሜላት፣ የአባቴን አትንኪብኝ። የፈለገውን ይበል። አለ ብዬ እመልሳለሁ።»

«አልነካብሽም» አልኳት። ምን ብዬ እፈርድባታለሁ?

ውስጥ ስንገባ እጄን አወጣሁ። ባለቤቴን አንድ ጥያቄ ልጠይቀው አልኩ። ሰብሳቢዋ ሕጉን አየች፤ የሚከለክል ነገር አላገኘችም።

«ኪሩቤል፣ እኔ ነኝ።»

«አቤት ሜሉ።»

ከኋላዬ አንዲት ሴት አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ብጀምር እንደማልጨርስ ስለማውቅ።

«ቤቱ ይፍረስ ካልክ በኋላ ምን ታደርግ ነበር?»

«ስለዚያ የተናገርኩት የለም።»

«ጣራውን ማን ጠገነው?»

«ስለዚያ የተናገርኩት የለም።»

ከቦርሳዬ ጣሳውን አወጣሁና ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኩት። ጎባጣ ሚስማር ነው። ኪሩቤል ከአሮጌው ቆርቆሮ የነቀለውን አይጥልም ነበር፤ አንድ ቀን አቃናዋለሁ ይላል። ሚስማሮቹ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለሉ፣ አንዳንዱ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ይህ ነው የቀረው ምስክርነቱ» አልኩ። «ሚስማር አፉ ውስጥ ስለነበረ አልተናገረም። ኑና ጣራዬን እዩ። በየቦታው የእጁ ሥራ አለ። ሊያፈርስ የፈለገ ሰው በየክረምቱ መሰላል ይወጣል?»

ወይዘሪት አሰገደች አንዷን ሚስማር አንሥታ አገላበጠቻት። የሚስማር ዝገት ጣቷን አቀላው። ልታምነኝ እንደፈለገች አይቻለሁ፤ ያንን አልክዳትም።

«ወይዘሮ ሜላት፣ ቅጹ ላይ የተባለ እንጂ የተደረገ የሚገባበት ቦታ የለም።»

«እና?»

«ላስገባው አልችልም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ከዚያ በኋላ መዝገቡን ከፈትኩ። እንደ ደንቡ ስሙን ስጠራና መልስ ስሰጥ ሰብሳቢዋ መስማት አለባት፤ መስመሩን የማሰምረው ያን ጊዜ ነው። ሰባ ስድስት ጊዜ ያደረግኩት ነገር ነው፤ አፌ መንገዱን ያውቃል። ቤቱ ሄዷል፤ ያ አልቋል። የቀረው ኪሩቤል ቤቱን አፈረሰ ተብሎ ይጻፋል ወይስ አይጻፍም የሚለው ብቻ ነው። ለዚያ ብዬ ድምፁን ልሰጥ ነው። ማታ ስገባ ማንም በሩን ዝጊው አይለኝም። እያወቅሁት ነው የጠራሁት።

«ኪሩቤል ታምሩ?»

ጋሼ ናሆም አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ሞቷል» አልኩ።

ለስድስት ዓመት ከአራት ወር ይህን ቃል በአፌ አላወጣሁትም ነበር። ለቅሶው ላይ እንኳ «ሄደ» እንጂ «ሞተ» አላልኩም። መስመሩ ጠማማ ሆነ፣ ሚስማሮቹን መሰለ። ሰሌዳው ላይ ስሙ ጠፋ፣ ከሥሩ «ድጋፍ» የሚለውም ጠፋ።

ጋሼ ናሆም ቀጥለው የባለቤታቸውን ስም ጠሩልኝ፤ «ሞታለች በይ» አሉ፣ ራሳቸው ማለት አቅቷቸው። ከዚያ በኋላ ሰው በየተራ ተነሣ። ዘጠና ስምንት ስም ሰረዝኩ። አርባ ዘጠኙ «አለ» ተባለላቸው፤ አቶ ዳግማዊም በልጃቸው አፍ ተገኙ። ቁጥራችን መቶ ስልሳ ሁለት ሆነ። ሰብሳቢዋ «ተቃውሞው በአቅራቢዎቹ ፈቃድ ተነሥቷል» ብላ አነበበች፤ ፈረምን፤ ውሃችንን ጠጥተን ወጣን። ሚስማሮቼን ሰብስባ በጣሳው መለሰችልኝ። አንዷን አስቀርታ እንደሆነ አልቆጠርኩም።

ማታ ቤቴን ከፈትኩና ደፉ ላይ ቆምኩ። ኮርኒሱ ላይ ያለችው ጆሮ ትንሿ መብራቷ በርታለች፤ ትሰማለች። የሚናገር ግን የለም። ብርዱ ገባ። በሩን ራሴ ዘጋሁት።

አሁን ሐምሌ ነው። ቤቱ መስከረም አሥር ይፈርሳል፤ ቀኑ በራችን ላይ በቀይ ተጽፏል። ከትናንት ወዲያ ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ፤ አንዲት ጠብታ አልጋው ላይ፣ በኪሩቤል በኩል አረፈች። ሁለተኛዋ ተከተለች። ባልዲ ፍለጋ ተነሣሁና አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፣ ያው የክረምቱ ቃል። ቀና ብዬ ትንሿን መብራት አየኋት። ዋጥኩት።

ዝናቡ ሲያባራ ጎረቤቴን ሶልያናን ጠራኋት። መጣች፣ መሰላሉን አየች፣ ጣሳውን አየች፣ እኔን አየች።

«እትዬ ሜላት፣ ሊፈርስ እኮ ሁለት ወር ነው የቀረው።»

ካቃናኋቸው ሚስማሮች ሰባቱን በከንፈሬ ይዤ ነበር። ዝገት ዝገት ይላሉ። መሰላሉን እንድትይዝልኝ በእጄ አሳየኋት፤ ያዘች፤ ወጣሁ።